አንድ ሥዕል፣ ሃያ ደቂቃ

ኅዳር 4

ለጋሼ፣

መጋዙን አስቀምጠው፣ መነጽርዎን ጠርገው፣ ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ፤ ደብዳቤው ረጅም ነው። እንዴት ሰነበቱ? እትዬስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት ጥሩ ወሬ እስኪገኝ ስጠብቅ ነው። «ሥራ አገኘሁ» ብዬ ልጀምር ነበር ሐሳቤ። አልተገኘም፤ እንግዲህ ያለ እሱ ልጀምር።

የጠየቁኝን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ ምሳ እበላለሁ። አዎ፣ የተከራየኋት ክፍል መስኮት አላት፤ የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ቢሆንም መስኮት ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለት የጎረቤት ልጆችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሳይንስ አስጠናለሁ፤ ኪራዩ ከዚያ ይወጣል። በኬሚስትሪ መመረቄን የሰማ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ጎበዝ» ይለኝና በር ይከፍትልኛል፤ የመውጫውን።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ የት ነው የምትውዪው?» ላሉት ግን ደስ የሚል መልስ አለኝ። ሙዚየም ነው የምውለው። የሥዕል ሙዚየም። እትዬ «ልጅቷ ለየላት» ሳይሉ ያስጨርሱኝ።

መጀመሪያ የገባሁት ከዝናብ ለመጠለል ነው። በሩ ላይ የቆመውን ግዙፍ ጥበቃ መግቢያው ስንት እንደሆነ ስጠይቀው «ዛሬ ነጻ» አለኝ። ይህ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ቃል በላይ ሲናገር እስካሁን አልሰማሁም፤ ለራሴ ስሙን «ሁለት ቃል» ብዬዋለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የማስታወቂያ ሰሌዳቸውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ሰው ነጻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የንድፍ ሰዓት አለ፤ እርሳሱን፣ ወረቀቱን፣ ማስደገፊያ ሰሌዳውን እነሱ ይሰጣሉ፤ የእኛ ድርሻ መጥቶ መቀመጥ ብቻ ነው። አርብ ከሰዓት የጥገና ክፍሉ ሠራተኞች ከመስታወት ግድግዳ ጀርባ ሆነው ሲሠሩ ይታያሉ፤ በትንሿ መስኮት መጠየቅም ይቻላል። በወር አንድ ቀን ደግሞ ግቢው ውስጥ ሙዚቃ አለ፤ ለሥራ ፈላጊ ከአንድ ሻይ ዋጋ አይበልጥም። ሥራ ፈላጊነት የጠቀመኝ እዚያ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ረቡዕ ነው። በምሳ ሰዓት የሚደረግ ነው፤ «አንድ ሥዕል፣ ሃያ ደቂቃ» ይሉታል። ተጣጣፊ በርጩማ ያድሉንና አንድ ሥዕል ፊት እንቀመጣለን። የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አይልም። ባለፈው ረቡዕ የተቀመጥነው ጀርባዋን ሰጥታ መስኮት የምትወለውል ሴት ፊት ነበር፤ በጣውላ ላይ የተሳለች ናት። እኔ ዓይኔ የቀረው ጨርቁ ባለፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ብርሃኑ በዚያች ብቻ ጠርቶ ይገባል። አስጎብኚዋ «ምን አያችሁ?» ስትል ከጎኔ የተቀመጡ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የሚወለውለውን እጅ ተዉት፤ የመስኮቱን ጠርዝ የያዘውን እዩት። ደክሟታል። የተሸከማት እሱ ነው» አሉ።

ጋሼ፣ እስከዚያች ደቂቃ ሥዕሉን ጭራሽ ያላየሁት መሰለኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስቀመጥ እንደዚያ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም።

ያሳደጓት ልጅዎ


ኅዳር 15

ለቁንጥንጧ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእትዬሽ። ጉልበቷ እንዳለ ነው፤ ጆሮዋ ግን ጤነኛ ነው፣ አንድ መስመር ብዘል ታውቅብኛለች።

አይ፣ ክፍልሽን አላከራየነውም። ጣውላ ደርድሬበታለሁ፤ ስትመጪ ይነሳል።

ስለ ሴትዮዋና ስለ ሾፌሩ ጥሩ አድርገሽ ነገርሽኝ። ስለ ጣውላው ግን አንድ ቃል የለም። አንቺን ማን አሳደገሽ? ስንት ሳንቃ ነው? ቆሞ ነው የተጋጠመው ወይስ ተጋድሞ? ሠዓሊውንማ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እንጨቱን መርጦ፣ አድርቆ፣ ልጎ፣ ገጥሞ «እንካ ሳልበት» ያለውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? እኛ ካላስታወስነው።

የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለጠረጴዛ መጥቶ ነበር። የቤተ ሙከራ ኃላፊነቱ ቦታ እስከ ጥር መጨረሻ ለአንቺ ተይዟል፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። እኔ ነይ አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። ግን ጥር የሚባል ወር አለ፣ መጨረሻም አለው።

ጋሼሽ

እኔ እትዬሽ ነኝ፤ ወረቀቱ ሳይታጠፍ ቀምቼው ነው። የማይነግርሽን ልንገርሽ። ደብዳቤሽን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያነብባል። ትናንት በር ሊያዝ የመጣ ሰውዬ የትኛው እጅ ደከመ በሚል ሲከራከረው አረፈደና በሩን ሳያዝ ሄደ። እባክሽ ትንሽ አሳጥሪ፣ ቤት ይፈርስብናል። ያ ሁለት ቃል የምትዪው ጥበቃስ ሚስት አለው?


ኅዳር 27

ጋሼ፣ ሰላምታው ትንሽ ይቆይዎትና መልሱ ይቅደም፦ ሦስት ሳንቃ ነው፣ ተጋድሞ የተጋጠመ።

አርብ ዕለት የጥገና ክፍሉን ኃላፊ ነው የጠየቅኋቸው። በትንሿ መስኮት ጥያቄዎን ሳቀርብ ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ይህንን የሚጠይቅ ጎብኚ በዓመት አንድ አይመጣም፤ ማን ላከሽ?» አሉኝ። «አናጢ» አልኳቸው። ተነሥተው የሥዕሉን ጀርባ ፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩኝ። የመላጊያው መስመር እስከ ዛሬ ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ ጉጥ አጋጥሞት ዙሪያውን ተጠንቅቆ ያለፈው ያስታውቃል። «ሰውዬው ለማይታይ ጀርባ ይህን ያህል ተጨንቋል» አልኳቸው። «እሱ ባይጨነቅ እኔ ዛሬ የምጠግነው ነገር አላገኝም ነበር» አሉኝ። ለእርስዎ እንድነግርዎት ያሉ መሰለኝ።

እኚህን ሴት ቢያዩዋቸው። በቀጭን እንጨት ጫፍ ምስር የምታህል ጥጥ ጠቅልለው፣ ነክረው፣ ካንድ አሮጌ ሥዕል ላይ ጥላሸት ያነሳሉ። ከሰዓቱን ሙሉ ሠርተው የጸዳው የመዳፍ ግማሽ ቢሆን ነው። አንድ ጎብኚ «መቼ ያልቃል?» ሲላቸው «ሲያልቅ» አሉት፣ ሳይቆጡ።

አሁን ዋናው ወሬ። ክፍሉ አንድ ተለማማጅ ይፈልጋል፤ የአንድ ዓመት ሥልጠና ከነደመወዙ። ኬሚስትሪ የተማረ ይቀደማል ይላል ማስታወቂያው፤ ቫርኒሽ የሚያሟሙትን ፈሳሾች የሚያውቅ ሰው ነው የፈለጉት። ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። ፈተናው ጥር 10 ነው። ካለፍኩ እዚህ እቀራለሁ፤ ካላለፍኩ የዳይሬክተሩን ቁልፍ መቀበል ነው። ሦስተኛ መንገድ የለኝም። ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግሁት ነገር የለም፤ ስጽፈው ራሱ እፈራለሁ።

እትዬ በጎን ላሰፈሯት ጥያቄ፦ ሁለት ቃል ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ የልጅ ልጅም አለው። ሌላ ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ይሰረዝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 12

ለጋሼና ለእትዬ፣

ይቅርታ ዘገየሁ። ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ብርድ ጀምሯል። ቅዳሜ በንድፍ ሰዓት የበርጩማ እግር ሣልኩ፤ አስተማሪው «ይህ በርጩማ ሰው ይችላል» ብሎ አሞገሰኝ። አርብ በመስታወቱ ቆሜ ሳይ ዋልኩ፣ ምንም አልጠየቅሁም። እሑድ በግቢው ሙዚቃ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ሙዚቀኞቹም እኛም አንድ ጣራ ሥር ተጠጋጋንና እነሱ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ የክራር ተጫዋቹ ክርን ትከሻዬን እየነካኝ ነበር የሚጫወተው። በጣም ደስ ይላል።

የላኩልኝን ሹራብ ለብሼዋለሁ። ለፈተናው እያጠናሁ ስለሆነ በዚህ ላብቃ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 20

ለቁንጥንጧ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቅዳሜ አለበት፣ አርብ አለበት፣ እሑድም ከነዝናቡ አለበት። ረቡዕ የለበትም።

እትዬሽ «አሟት ይሆናል» ትላለች። እኔ አላልኩም። ሠራተኛ አንድ ነገር ሲያበላሽ ስለ ሌላው ዕቃ ማውራት ያበዛል። ሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ይዣለሁ፤ አንቺንም በዚያው ቤት ነው ያሳደግሁሽ።

ረቡዕን ጻፊልኝ። ደብዳቤውን ለደንበኛ አላነብም፤ በእትዬሽ ስም እምላለሁ፣ እሷም አጠገቤ ናት።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 26

ጋሼ፣

ነካሁት።

ታኅሣሥ መግቢያ ረቡዕ ላይ ያቺው ሴትዮ፣ መስኮት የምትወለውለዋ ሥዕል ተራዋ ሆነ። የፊቱን በርጩማ ያዝኩ። ሃያ ደቂቃው አልቆ ሰው በርጩማውን ሲያጥፍ እኔ ተጠግቼ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ ስፈልግ ነበር፤ ለእርስዎ ልጽፍልዎ። ብርሃኑ አላስለይ አለኝ። ከዚያ እጄን ማን እንዳዘዘው አላውቅም። እርስዎ ቤት አንድ ሰው ስለ እንጨት ከመናገሩ በፊት ምን ያደርጋል? ዓይኑን ይጨፍናል፣ በመዳፉ ይሄድበታል። «ዓይን በብርሃን ይታለላል፣ መዳፍ አይታለልም» ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ዓይኔን ጨፍኜ በክፈፉ ታችኛ ጠርዝ፣ ከዚያም በራሱ በጣውላው ጠርዝ ላይ መዳፌን ሰደድኩ።

«እህቴ፣ እጅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ቃል ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ከእኔ ይበልጥ እሱ ደንግጧል። ማንም አላየንም። ደንቡ ስም መዝግቦ ማስተላለፍ ነው። ዙሪያውን ቃኘና «ተመልሰሽ አትንኪ» አለኝ፤ አልመዘገበኝም። ለአመልካቾች በተሰጠው መግለጫ ላይ ኃላፊዋ ምን ብለው ነበር መሰልዎ? «እዚህ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው እጁን መሰብሰብ ነው።»

እዚህ ላይ ቢያበቃ በአፍረቴ ብቻ እኖር ነበር። አላበቃም። የታችኛው ሳንቃ ከክፈፉ ወደ ፊት ገፍቷል፤ በዓይን አይለይም፣ በመዳፍ ግን ጥፍር ያህል ይሰማል። ደግሞ ይቀዘቅዛል። የክፍሉ ቅዝቃዜ አይደለም፤ እርስዎ ከዝናብ የተረፈ ጣውላ ሲያስነኩኝ የነበረው ዓይነት ነው። ከጀርባው ውሃ እየጠጣ ነው፣ ጋሼ። ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር አለ።

ብናገር «በምን አወቅሽ?» ይሉኛል። መልሱ አንድ ነው። ፈተናው ጥር 10 ነው፤ ከፈተናው በኋላ ብናገርስ? ሁለት ሳምንት ምን ያመጣል? እባክዎ ምንም አያመጣም ይበሉኝ።

ልጅዎ


ጥር 2

ለልጄ፣

የጠየቅሽኝን በሙያዬ ልመልስልሽ። እንጨት ሲርስ አይጎዳም፤ ሲደርቅ ነው የሚጎዳው። እየጠጣ ያብጣል፣ ያበጠው ክፈፉን ይገፋል፣ ሙጫው ይለቃል። አንድ ቀን ውሃው ይቆምና ባንድ ጊዜ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም በላዩ ያለውን ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ምንም ላያመጣ ይችላል። ሁሉንም ሊያመጣም ይችላል። እንጨት ፈተና አለኝ ሲሉት አይሰማም።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። እትዬሽ «ያንን በር ንገራት» አለችኝ። ይኸው ነገርኩሽ። አንቺ ሳትመጪ በፊት ለጤና ጣቢያው በር ሠራሁ። እንጨቱ በደንብ አልደረቀም፤ መዳፌ ነግሮኛል። ቀጠሮ ደርሶብኝ ዝም አልኩና ገጠምኩት። በበጋው ተጣመመ። አሁን እንኳ ሕመምተኛ ሲገባ በትከሻው እየገፋ ነው። ማንም ወቅሶኝ አያውቅም፤ ዕድሜው ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚያ በኩል ስሄድ መንገድ አቋርጣለሁ።

ማድረግ ያለብሽን ጽፈሽ የላክሽልኝ አንቺው ነሽ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኃላፊዋ በፊት ለጥበቃው ንገሪው። ዝም ያለው ላንቺ ብሎ ነው፤ ከሰው አፍ መስማት የለበትም።

የመንካቱ ነገር ግማሹ የኔ ጥፋት ነው። ከጠየቁሽ እንዲህ ብሎ ያስተማረኝ አናጢ ነው በያቸው።

ጋሼሽ


ጥር 12

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? እትዬስ? ይህን የምጽፈው ሙዚየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ በማግሥቱ ሄድኩ። ለሁለት ቃል በሩ ላይ ነገርኩት። ጨርሼ እስክናገር ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየና «አብረን እንሂድ» አለኝ።

ኃላፊዋ አልጮሁም። የተናገርኩትን ሰሙ፣ ስልክ አነሡ፣ ክፍሉ ለጎብኚ ተዘጋ። እኔን ደጅ አስቀመጡኝ። ሲጠሩኝ ሥዕሉ በደረቱ ለስላሳ ነገር ላይ ተኝቷል፤ ጀርባው ላይ፣ ከታችኛው ሳንቃ ግማሽ ድረስ፣ ጠቆር ያለ የእርጥበት እድፍ ወጥቷል። ግድግዳው ውስጥ አንድ የቆየ የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያው ያነባ ነበር። «የት ጋ እንደተሰማሽ አሳዪን፤ ሳትነኪ» አሉኝ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በአገጬ አሳየኋቸው። አንደኛው ሠራተኛ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ለኩ። «በሦስት ጣት ብቻ ነው የሳትሽው» አሉና መዘገቡት። ሳንቃዎቹን የያዘው ሙጫ አልለቀቀም። ቀለሙ አልተነሣም። ሥዕሉ ተርፏል፣ ጋሼ።

ከዚያ ወንበር ሰጡኝ። «ለዚህ ዙር ፈተና አትቀመጪም» አሉኝ። «ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ‹ነካሁ፣ ግን ጠቀምኩ› ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?» አሉ። ደረቴን ቢወጉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ግን እውነታቸውን ነው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ ማለት መቻል እፈልጋለሁ። የሥራ ፈላጊ መግቢያ ካርዴን አልቀሙኝም። «ረቡዕ ነይ» አሉኝ። የሚቀጥለው ዙር መስከረም ላይ ነው፤ ማመልከት አይከለከልም አሉ። ተስፋ አልሰጡኝም፣ አልነፈጉኝምም።

ሁለት ቃል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የመጀመሪያው። ይቅርታ ስጠይቀው «እሷ ተረፈች አይደል?» አለኝ። ሦስት ቃል ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ፈተናው ከትናንት ወዲያ ተደረገ። እኔ በዚያ ሰዓት ሁለቱን ልጆች ስለ ትነት አስጠና ነበር። እንግዲህ ለዳይሬክተሩ በጥር መጨረሻ እመጣለሁ ይበሉልኝ። ቁልፉን እቀበላለሁ። ጣውላውን ከክፍሌ ለማንሣት አይቸኩሉ፤ መጥቼ አብረን እናነሣዋለን።

ልጅዎ


ጥር 20

ለልጄ፣

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። አትመጣም አልኩት።

ቁጭ በዪና ተቆጪ፤ ስትጨርሺ ታነቢዋለሽ። እስከ ጥር መጨረሻ አልጠበቅሁም፤ ብጠብቅ እንዳልለወጥ ፈርቼ ነው። አሁን ቦታውን የያዘችው ዓምና የተመረቀች የአንድ ሸማኔ ልጅ ናት፤ ቁልፉን በተቀበለችበት ቀን ቤተ ሙከራውን ወለወለች አሉኝ። ስለዚህ መመለሻ የለሽም። እትዬሽ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። በማግሥቱ «እስከ መስከረም ስንት ወር ነው?» ብላ ቆጠረችና ሌላ ሹራብ ጀመረች።

እውነቱን ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፤ ዳይሬክተሩን ቦታ እንዲይዝልሽ የለመንኩት እኔ ነኝ። ለጠረጴዛ አልመጣም፤ ጠረጴዛውን እኔ ነኝ ወስጄ የሰጠሁት። ቤቱ ዝም ብሎብን ነበር። አሁንም ዝም ብሏል፤ ግን ለእንጨት ብላ እንጀራዋን የተወች ልጅ ጠርቼ ቤተ ሙከራ አልቆልፍባትም። እዚያው ልጆቹን አስጠኚ፣ ረቡዕ ረቡዕ ተቀመጪ፣ እጅሽን መሰብሰብ ተማሪ። እኔ ያላስተማርኩሽን እነሱ ያስተምሩሽ።

ለጤና ጣቢያውም በሩን ልለውጥላቸው ነው። ለምን ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አላመኑኝም፣ ዕድሜው ነው አሉ። ለካሁት።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያቺ ሥዕል ቀስ ብላ ትድረቅ ብለው አሁንም በደረቷ ካስተኟት፣ ሳትገለበጥ በፊት የሰውዬውን የመላጊያ መስመር ማየት እፈልጋለሁ። የካቲት የመጀመሪያው እሑድ ነጻ ነው ብለሽኛል። በመስታወቱ ውስጥ ይታይ እንደሆነ ኃላፊዋን ጠይቂልኝ፤ አናጢው ነው የጠየቀው በያቸው።

በመጀመሪያው አውቶቡስ እደርሳለሁ። ሙዚየም ገብቼ አላውቅም። በሩ ላይ ጠብቂኝ፤ ብቻዬን መግባት አፍራለሁ።

ጋሼሽ